ሠንጠረዥ 31

ሶዶ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሲስተር ፈጠነች፣ ዲምቱ፤

እንዴት ሰነበቱ? እኔም እናቴም ደህና ነን። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ስልክ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ የዲምቱ ኔትዎርክ ግን እርስዎ የሚያውቁት ነው። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ሶርሳ በክትባት መኪናው ያመጣልዎታል። ጊዜ ካጠረው አብዱሰመድ ሱቅ ይተውልዎታል።

ቅጾቹ በሙሉ ደርሰውኛል። አልሚ ዱቄት ከሚሰጥባቸው ቀበሌዎች ሰማንያ ልጅ፣ ከማይሰጥባቸው ሰማንያ አንድ። ከመጣው ወረቀት ሁሉ ሳልጨነቅ ያነበብኩት የእርስዎን ጽሕፈት ብቻ ነው።

ውጤቱ ለምን ዘገየ ላሉኝ፣ የዘገየው ስሌቱ አይደለም፣ አጻጻፉ ነው። ሪፖርቱ አርባ ስድስት ሠንጠረዦች አሉት። ከእያንዳንዱ ሥር የስታቲስቲክስ ፈተናው ውጤት በቁጥር ይቀመጥና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራል። አምና ይህን በእጄ ስገለብጥ አንድ ነጥብ ቦታዋን ሳተችና አለቃዬ አቶ ገብረአማኑኤል እንግዶች ፊት አነበቧት። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ወር የሚጠሩኝ «ነጥቡ» እያሉ ነበር። «ነጥቡ፣ ያንን ፋይል አምጣ።»

ስለዚህ ዘንድሮ ኮድ ጻፍኩ። ኮዱ የልጆቹን ቁጥር ይወስዳል፣ ያሰላል፣ ለጋሾቹ እንዳዘዙት ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ አድርጎ ያጠጋጋል፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ይጽፋል። «በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አለ» ወይም «ልዩነት አልታየም»። ሰው አይነካውም። በአማርኛም ይጽፋል ወይ ብለው ለቀለዱብኝ፣ አዎ፣ ይጽፋል፤ የእኔን ያህል የፊደል ስህተትም አይሠራም።

ስለ ዱቄቱ ጉዳይ የተጻፈችው ሠንጠረዥ 31 ናት። ጥያቄዋ እርስዎ የሚያውቁት ነው። ድነው ከሕክምና ምግብ ከወጡት ልጆች ለሁለት ወር አልሚ ዱቄት የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ ተመልሰው ከመታመም ተርፈዋል ወይ? ልዩነት ከተገኘ ዱቄቱ በሁሉም ቀበሌዎች ይቀጥላል። ካልተገኘ በጳጉሜ ይቆማል። ይህን ከአለቆቼ እንደሰማሁት ነው የምነግርዎ፤ ለእናቶቹ ገና አይንገሩ።

ቅጽ 47 ላይ ግን ሁለት ክብደት ተጽፏል። የትኛውን ልያዝ?

አክባሪዎ ይስሐቅ ባዳቾ

—

ዲምቱ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2008

ልጄ ይስሐቅ፤

ጌታ ይባርክህ። እናትህን ሳምልኝ። ዓይኗ እንዴት ሆነ? ኦቶና ሆስፒታል ሄዳ እንድትታይ ነግሬአት ነበር፣ ሄደች ወይ? ይህን ሳትመልስልኝ ስለ ኮድ አትጻፍልኝ።

ቅጽ 47 ብሩክታይት ናት፣ የአስካለች ልጅ። የመጀመሪያው ክብደት ከነሹራቧ ነው። እናትየዋ ብርድ ይመታታል ብላ አላወልቅም አለችኝ። በዲምቱ ፀሐይ ብርድ! ዞሬ ስመጣ አወለቀችላት፣ ሁለተኛው ያ ነው። ሁለተኛውን ያዝ። የሹራቡን ክብደት ለጋሾች አይፈልጉትም።

ብሩክታይትን ብታያት አታውቃትም። በየካቲት ስትገባ ክንዷን በሁለት ጣቴ ይዤ ጣቶቼ ይነካኩ ነበር። አሁን የጎረቤት ዶሮ ታባርራለች። አስካለች ዱቄቱን በጣሳ አድርጋ ለብቻ ነው የምታስቀምጠው፣ ባሏም አይነካውም። መድኃኒት ነው ብዬ ስለነገርኳቸው ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። እንዲህ ባላደርግ አንድ ከረጢት ለስምንት ሰው ገንፎ ሆኖ በሳምንት ያልቅ ነበር።

አሁን ደግሞ አስካለች ትንሹን ልጇን አምጥታልኛለች፣ ሚልክያስን። የአሥራ አራት ወር ልጅ ነው። በቆሎው ካልደረሰ ገና ብዙ ይመጡብኛል። በመስከረም ይድናል ብዬ አስባለሁ፣ ያኔ ዱቄቱ ይጀመርለታል። ስለዚህ ያቺን ሠንጠረዥህን ቶሎ ጨርሳት።

ጀዋሂር ሰላም ብላሃለች። የአብዱሰመድ ሚስት ናት፣ ደብዳቤህን የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት። ባሏ አንዴ ስኳር ሊጠቀልልበት ሲል ከእጁ ነጥቃዋለች።

ፈጠነች

—

ሶዶ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2008

ይድረስ ለሲስተር ፈጠነች፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱኝ። እናቴ ኦቶና ሄዳለች፣ ጠብታ ሰጥተዋታል፣ ታመሰግንዎታለች።

ሪፖርቱ ወጥቷል። ከእኔ ሳይሰሙ ከወረዳ በመስማትዎ አዝኛለሁ። ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ አልቻልኩም ማለት ግን አልችልም፤ ከበደኝና አሳደርኩት።

ሠንጠረዥ 31 «ልዩነት አልታየም» ነው የምትለው።

ስለጠየቁኝ ላስረዳዎ። ዱቄት ከወሰዱት ሰማንያ ልጆች አሥር፣ ካልወሰዱት ሰማንያ አንድ ልጆች ሃያ ተመልሰው ገቡ፣ ይህ እጥፍ ነው ብለውኛል። እውነት ነው፣ እጥፍ ይመስላል። ግን እንዲህ ያስቡት። እርስዎ ማክሰኞ ማክሰኞ ልጅ ይመዝናሉ። አንዱ ማክሰኞ አሥር ልጅ ይመጣል፣ የሚቀጥለው ሃያ። በመካከሉ ምንም ነገር አልተለወጠም፤ እንዲሁ ሆኖ ነው። እኛም የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችልበት ዕድል ምን ያህል ነው? ያን የምትነግረን ፒ የምንላት ቁጥር ናት። ከ0.05 ካነሰች ልዩነት አለ እንላለን። እዚህ 0.05 ነው የመጣው። አላነሰችም።

«ማሽኑን ደግመህ ጠይቀው» ብለዋል። ማሽኑ አያዳላም፣ ሲስተር። ለእርስዎም ለእኔም ቢሆን።

ዱቄቱ በጳጉሜ ያበቃል። መጋዘን የቀረው ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል። ለእናቶቹ እንዲነግሩልን አቶ ገብረአማኑኤል በአክብሮት ጠይቀዋል። ከመሥሪያ ቤት ሰው ሄዶ ከሚነግራቸው ከእርስዎ ቢሰሙ ይሻላል ብለዋል፣ እኔም እንደዚያ አስባለሁ።

ይስሐቅ

—

ዲምቱ፣ መስከረም 10 ቀን 2009

ልጄ ይስሐቅ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ።

እንዴት ተቀበሉት አልከኝ። ማክሰኞ መዝኜ ስጨርስ ግቢው ውስጥ ሰብስቤ ነገርኳቸው። በወላይትኛ ነው የነገርኳቸው፣ ያንተን ፒ በወላይትኛ ስለማላውቃት ተውኳት። ጥናት ተደርጎ ዱቄቱ ለውጥ እንደሌለው ታወቀ፣ ስለዚህ ቆሟል አልኩ። አንዷ ከረጢቱን ለጥጥ ማስቀመጫ ትተዉልናላችሁ ወይ አለች።

አስካለች ግን ሳቀችብኝ። «እኔ ቤት ይምጡና ያጥኑ» አለች። «ብሩክታይትን ማነው እንዲህ ያወፈራት? ያንቺ ጸሎት ነው? ጸሎትሽ እንዲህ የሚሠራ ከሆነማ ዱቄቱን ተዪው፣ ለዚህኛውም ጸልዪለት።» ሚልክያስን ታቅፋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ድኖ ወጥቷል። ሌሎቹም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ደግማ ጠየቀችኝ፤ እውነት አይጠቅምም? አይጠቅምም አልኳት። አንተ የተማርከውን እኔ አልተማርኩም። ሠላሳ ዓመት ልጅ ስመዝን ስንቱ ይጠቅማል ያልኩት ነገር አልጠቀመም፣ ስንቱ አይረባም ያልኩት አድኗል። ስለዚህ ያንተን ቃል ይዤ ነገርኳት።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ዝናቡ ቀደም ብሎ ሄዷል፣ የቢላቴ ወንዝ ወርዷል።

ፈጠነች

—

ሶዶ፣ ጥር 20 ቀን 2009

ይድረስ ለሲስተር ፈጠነች፤

ለጤናዎ እንዴት አሉ? ከጥቅምት ወዲህ ስላልጻፍኩልዎ መንገዱንም፣ የኢንተርኔቱን መዘጋትም፣ ሥራ መብዛቱንም ምክንያት ላደርግ ነበር። አሁን የምጽፈው በሌላ ነገር ነው። ተቀምጠው ያንብቡት።

ለጋሾቹ አዲስ መመሪያ ልከዋል። ከዚህ በኋላ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ይጻፍ ይላል። ኮዱ ላይ ሁለት የሚለውን ወደ ሦስት ለወጥኩና ይሠራ እንደሆነ ለማየት በአምናው መረጃ ላይ ሞከርኩት። አርባ ስድስቱም ሠንጠረዦች ወጡ። አርባ አምስቱ ያው ናቸው። ሠንጠረዥ 31 ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩም ተለውጧል። «በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አለ» ይላል።

ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። ሰማንያና ሰማንያ አንድ፣ አሥርና ሃያ። የተጨመረም የተቀነሰም የለም።

እውነተኛዋ ፒ 0.047 ነበረች። ከ0.05 ታንሳለች። እኔ ግን ኮዱን ስጽፍ መጀመሪያ እንዲያጠጋጋ፣ ከዚያ እንዲያወዳድር አዝዤዋለሁ። 0.047 በሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ 0.05 ይሆናል። ኮዱ 0.05 ከ0.05 ያንሳል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አያንስም፣ ልዩነት አልታየም ብሎ ጻፈ። ማወዳደሩ መቅደም ነበረበት። ሁለት መስመር ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ስህተቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። እርስዎ አሥርና ሃያ ብለው በጻፉልኝ ጊዜ ፋይሉን ከፍቼ ያልተጠጋጋውን ቁጥር ማየት እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላየሁም። ኮዱ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩና ስለ ማክሰኞ ጻፍኩልዎ።

ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው።

ይህን መጠየቅ መብቴ እንዳልሆነ ይገባኛል። ከመስከረም ወዲህ ድነው ከወጡት ስንት ተመልሰው ገቡ? የሞተ አለ?

ይስሐቅ

—

ዲምቱ፣ የካቲት 9 ቀን 2009

ልጄ ይስሐቅ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ነው። እናትህስ? ጠብታው ሲያልቅ ዝም ብላ እንዳትቀመጥ ንገራት፣ ሌላ ታምጣ። በወጣትነታችን አንድ መዘምራን ውስጥ ነበርን፣ ያኔም መዝሙሩን በልቧ ይዛ ደብተሩን አታይም ነበር። የማይታያት ለካ ከያኔው ጀምሮ ነው ብዬ ሳቅኩ።

እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። ስኳር ድንች የተከሉት ትንሽ ቀምሰዋል፣ በቆሎ የዘሩት ግን አገዳ ነው ያገኙት። አብዱሰመድ ጣራውን አድሷል። ጀዋሂር ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ዱንያ ብለዋታል፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ነገሩ ገብቶኛል።

ስለጠየቅከኝ ቁጥር፣ መዝገቡን ወረዳ ለቁጥጥር ወስዶታል። ሲመልሱልኝ እጽፍልሃለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። አለቃህ ያውቃል? የማያውቅ ከሆነ ለእኔ የጻፍከው ምን ይሠራልኛል? እኔ ዱቄት የለኝም። ለእኔ ተናዝዘህ ቀለል እንዲልህ ከሆነ ፓስተር አለህ።

ፈጠነች

—

ሶዶ፣ መጋቢት 25 ቀን 2009

ይድረስ ለሲስተር ፈጠነች፤

ትክክል ነዎት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግስቱ አቶ ገብረአማኑኤል ቢሮ ገባሁ።

የሆነውን የምነግርዎ ስለጠየቁኝ ሳይሆን ማወቅ ስላለብዎ ነው። ሁለቱንም ሠንጠረዦች አተምኩና ጎን ለጎን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ። «ካቻምና ነጥብ፣ አሁን ደግሞ ሦስት ሺህኛ» አሉ። የሚቀልዱ መሰለኝ፣ አልነበረም። ሪፖርቱ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ገንዘቡም ለሌላ ሥራ ተመድቧል፣ አንዱን ስናርም ሌሎቹን አርባ አምስት ማን ያምነናል አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔም እሳቸው ወንበር ላይ ብቀመጥ ይህንኑ እል ነበር።

አርባ አምስቱን አንድ በአንድ በእጄ አስልቼ ላምጣልዎ አልኳቸው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሁሉም ትክክል ናቸው። ከዚያ ማረሚያውን ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ነው። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ቅጾቹም መዛኞቹም እንከን እንዳልነበረባቸው ጽፌያለሁ። ፈረሙበት። ስሜ ማረሚያው ላይ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብለው ጠየቁኝ፣ ይጻፍ አልኩ። ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ስለ መታደሱ አላነሱም፣ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሐሙስ ከለጋሾቹ መልስ መጣ። ዱቄቱ ወደ ዲምቱ ይመለሳል። በሚያዝያ መጨረሻ ይደርሳል ብለዋል፣ ለስድስት ወር የሚሆን። ዱቄት ላልተሰጣቸው ቀበሌዎችም ጭምር ነው።

መዝገቡ ከወረዳ ተመልሶ ከሆነ ቁጥሩን ይላኩልኝ። ቁጥሩን ለሪፖርት አልፈልገውም። ማወቅ ስላለብኝ ነው። አንድ ነገር ግን በቅንነት ልበልዎ። በመቶ ስልሳ አንድ ልጆች ላይ ልዩነት አለ ማለት እንችላለን፤ ስለ አንድ ልጅ ግን ዱቄቱን ቢያገኝ ይተርፍ ነበር ብሎ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመከላከል ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም።

ይስሐቅ

—

ዲምቱ፣ ግንቦት 21 ቀን 2009

ልጄ ይስሐቅ፤

ሰላምህ ይብዛ። ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የዘገየሁት በመንገድ አይደለም።

መዝገቡን ወረዳ ወስዶታል ያልኩህ ውሸት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያኔ ብነግርህ አለቃህ ዘንድ የምትገባ አልመሰለኝም። ደንግጠህ ቤትህ ትቀመጣለህ ብዬ ፈራሁ፣ እኔ ደግሞ ዱቄቱን ፈለግኩት።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድነው የወጡ ሃምሳ ሁለት። ተመልሰው የገቡ አሥራ አራት። የሞተ አንድ።

አንዱ ሚልክያስ ነው። በኅዳር ተመልሶ ገባ፣ ተቅማጥ ጨመረበት። ወደ ኦቶና ሪፈር ጻፍኩለት፣ መኪና ስንፈልግ አንድ ቀን አለፈ። ታኅሣሥ 11 ሞተ። ያንተ የጥር ደብዳቤ ሲደርስ አርባ ቀን አልፎት ነበር። ስለ አንድ ልጅ ማንም ሊናገር አይችልም ብለሃል። ይሆናል። እኔም ሊተርፍ ይችል ነበር ብዬ አልጽፍልህም። እናትየዋ የምትጠይቀኝ ግን ስለ አንድ ልጅ ነው።

ዱቄቱ ሚያዝያ 28 ደረሰ። ሶርሳ ራሱ ነው ያራገፈው። ወረፋው እስከ አብዱሰመድ ሱቅ ደርሶ ነበር፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ቤት ለቤት ስዞር ግን አንድም ቤት ለብቻ ተቀምጦ አላገኘሁም። ከበቆሎው ጋር ቀላቅለው ለሁሉም ገንፎ አድርገውታል። ለምን ስላቸው አንቺ ራስሽ መድኃኒት አይደለም ብለሽ የለ ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በስምንት አፍ ተከፋፍሎ የታመመው ልጅ ድርሻ ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ እየገባሁ ተሳስተን ነበር እያልኩ ነው። አንዳንዷ ታምነኛለች። አንዳንዷ «በሚቀጥለው ዓመትስ ምን ልትዪን ነው?» ትለኛለች።

የአስካለችን ቤት መጨረሻ አደረግኩት። ለእሷ የምሰጠው አልነበረኝም፣ ብሩክታይት ደህና ናት። ግን የጎረቤቶቿን ሁሉ በር አንኳኩቼ የእሷን ማለፍ አልቻልኩም። ጎደሬ ትልጥ ነበር። መቀመጫ ሰጠችኝ።

«ዱቄቱ ይጠቅማል ለካ?» አለችኝ።

«ይጠቅማል።»

«ያኔስ?»

«ያኔም ይጠቅም ነበር።»

መላጧን ቀጠለች። «አይጠቅምም ያለው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺማ የተነገረሽን ነው የነገርሽኝ። ለአንቺ የነገረሽን ነው የምጠይቅሽ።»

ስምህን አልነገርኳትም። የሶዶ ሰው ነው አልኩና ተነሳሁ። እስከ በር ሸኘችኝ።

ና አልልህም። ኮንትራትህ ሰኔ ላይ ያልቃል ብለሃል፣ ከዚያ በኋላ መኪናም አይሰጡህም። ከመጣህ ግን ያችን አንድ ገጽ ማረሚያ ይዘህ አትምጣ፣ ስለ ቁጥሩም አታስረዳት። ቤቷ ከወፍጮው አልፎ ሦስተኛው ነው፣ አጥሩ በአንድ በኩል ወድቋል። ሐሙስ ገበያ ስለምትወጣ አታገኛትም። በሌላው ቀን ሁሉ ቤት ናት።

ፈጠነች